ወንድሟ ዜሮ የገመተው ቤት

የምንኖርበት የተጎታች ቤቶች መንደር «ሐይቅ ዳር» ይባላል። ሐይቅ የለውም። በረዶው በሚቀልጥበት ወራት የፍሳሹ ጉድጓድ ይሞላና በታችኛው ረድፍ ላይ ይተኛል፤ ያን ጊዜ የመንደሩ ሰው ከየመስኮቱ ብቅ እያለ «ሐይቁ መጣ!» ይባባላል። ቬርና ክላውሰር በዚህ ቀልድ ከሃያ ዓመት በላይ ስቃለች። ባለፈው ጥቅምት ወንድሟ መርል መንደሩን ልገዛው ነው ብሎ ሲመጣ ግን ሳቁ ጠፋባት።

ቬርናን የማውቃት ፊት ለፊቷ ስለምኖር ነው። በመካከላችን ያለው የጠጠር መንገድ ብቻ ነው፤ የቤቶቻችን ግድግዳ ደግሞ ወሬ አይከለክልም። በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ታበስላለች። ከትልልቅ ድስቶችና ከአየር ማስወጫው ጩኸት ጋር ስትታገል ስለኖረች ሹክሹክታዋ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ባሏ አንድ የክረምት ጧት «መኪናዋን ላሙቃት» ብሎ ወጣ፤ ካሞቃት በኋላ ይዟት ሄደ፣ አልተመለሰም። ስለ እሱ ሲነሳባት «ቢያንስ ቤንዚኑን በከንቱ አላቃጠለውም» ብላ ታልፈዋለች።

ልጅ አልወለደችም። ያላት ይህ ቤት ነው፤ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ረጅምና ጠባብ፣ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ። ቤቱ የራሷ ነው። ከቤቱ ሥር ያለው መሬት ግን የባለመንደሩ የጌይሎርድ ፕሩት ስለሆነ በየወሩ የቦታ ኪራይ ትከፍላለች። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግባታል። እናቷ ስትሞት በኮረብታው ላይ ያለውን ጫካ ለእሷና ለመርል እኩል አውርሳለች። ጥድና ሜፕል የበዛበት፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ምንጭ ያለው ጫካ ነው። ቬርና ሳህን እያጠበች በመስኮቷ ወደዚያ ኮረብታ በማንኪያ ትጠቁመኝና «አንድ ቀን ይህን ቤቴን በጎታች መኪና አስጎትቼ ከምንጩ በላይ አሳርፈዋለሁ» ትለኛለች። «ያን ጊዜ ጌይሎርድ ፕሩት በሬን ሊያንኳኳ ከመጣ ውሻ ነው የምለቅበት።» ውሻ የላትም፤ ለዚያ ቀን ስትል ልትገዛ አስባለች።

መርል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ደቡብ የሚሄደውን ጭነት እየመረጠ በረዶን ሲሸሽ ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው ባለፈው ፀደይ ተመለሰና ከከተማው ጫፍ አንድ ክፍል ተከራየ። በዚያች ክፍል መቀመጥን ሰውነቱ አልለመደውም መሰለኝ፣ አንድ ቀን በሆቴል አዳራሽ የሚሰጥ ስልጠና ገባ። ተጎታች መንደር ገዝቶ ሀብታም መሆን የሚያስተምር ስልጠና ነው። አሠልጣኙ በረዶ ከማያውቅ አገር የመጣ፣ ጥርሱ የነጣ ሰው ነበር አሉ። መርል ከዚያ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ።

ያሰበው ይህ ነው። ጫካውን እንጨት ለሚቆርጥ ኩባንያ ይሸጡና በገንዘቡ «ሐይቅ ዳር»ን ይገዛሉ። ጫካው ግን የሁለቱም ስለሆነ ያለ ቬርና ፊርማ አይሸጥም። ስለዚህ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ጃኬቱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ በየእሑዱ እራት ሊበላ ይመጣል፣ በየእሑዱም ያወጣዋል።

«ብላ መጀመሪያ» ትለዋለች።

«አንዴ ብቻ አንብቢው።»

«መርል፣ ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ድንች ድንች ትያለሽ፣ እኔ ስለ ወደፊት ሕይወትሽ ነው የማወራው!»

«ወደፊት ሕይወቴ ከዚያ ኮረብታ ላይ ነው። አንተ ነህ ልትቆርጠው የተነሳኸው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መርል ላይ ሁለቱም ተገናኝተው ነበር። በመጨረሻ ቬርና ሰለቻትና «እሺ፣ በደንብ መርምረው። ዓይኔ እያየ መርምረው። የሚረባ ሆኖ ካገኘሁት እፈርማለሁ» አለችው። ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ የሚገላግላት መስሏት ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት።

ጌይሎርድ ፕሩት መንደሩን ለማየት የሚሻለው ቀን ከምስጋና በዓል ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነው አለው። ያ ሰኞ በእኛ አገር የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ተማሪውም አስተማሪውም ጫካ ስለሚገባ ማንም አይመጣም። ቬርናም ስለዚህ ቤቷ ነበረች። መርል የእጅ ባትሪ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ጧት መጣ። እኔ የጋዝ ሲሊንደሬን እየቀየርኩ ስለነበር ቬርና በመንገዱ ማዶ ጮኸችብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ና አብረኸን ዙር! ነገ አልሰማሁም፣ አላየሁም እንዳይለኝ ምስክር እፈልጋለሁ።»

ተከተልኳቸው። መርል ከየቤቱ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ከለላ እየገለጠ በደረቱ ተስቦ ይገባል፤ የሚታየን የጫማው ሶል ብቻ ነው። ከዚያ ድምፁ ከመሬት በታች እንደ ሙት ድምፅ ይመጣል።

«ቬርና! ይሄ የማን ነበር?»

«የእነ ሪድል።»

«ወለሉ በስብሷል!»

«አዎ፣ በስብሷል።»

«ዕድል ነው!»

ይህን ቃል ከስልጠናው ይዟት ነው የመጣው። ጉድለት ሁሉ ዋጋ ማስቀነሻ ስለሆነ ዕድል ነው። ጣሪያው ያፈስሳል? ዕድል። ውኃው ቡናማ ሆኖ ይወርዳል? ዕድል። መንገዱ ላይ የተማሪዎች አውቶቡስ የሚዘፈቅበት ጉድጓድ አለ? ትልቅ ዕድል። የፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን ሲያነሳ ቬርና አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና «ይሄን አሽትተውና ዕድል በለኝ እስቲ» አለችው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ክዳኑን መልሶ፣ ጥቂት ከተነፈሰ በኋላ «እ... ዕድል ነው» አለ።

«ይህ ሰው ጨጓራዬን ሊልጠው ነው» አለችኝ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ።

ከላይኛው ረድፍ ጫፍ ስንደርስ መርል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መንደሩን ቁልቁል ተመለከተ። በደስታ ፊቱ በርቷል።

«የዚህ ሥራ ውበቱ ምን መሰለሽ? ቤቶቹ አርጅተዋል። ማንም ጎትቶ ሊወስዳቸው አይችልም። ኪራይ ብትጨምሪባቸውም መሄጃ የላቸውም።»

ቬርና ቆመች። «እነማን?»

«ተከራዮቹ ናቸዋ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ እህቴ ነሽ!» አለና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

የሚቀጥለው ቤት የእሷ ነበር። ከለላውን ገልጦ ገባ። እዚያ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ቆየ፤ ብረት በመዶሻ መታ መታ ሲያደርግ ሰማን። ሲወጣ ቅንድቡ ላይ የዝገት ብናኝ ነበረበት። ልብሱን አራገፈ፤ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ሞነጫጨረ። ዕድል ነው አላለም።

ሲመሽ የመጨረሻው ፈተና መጣ። አሠልጣኙ «ባለቤቱን አትጠይቁ፣ ተከራዩንም አትጠይቁ፤ ሁሉም ይዋሻል፤ መብራት ግን አይዋሽም» ብሏቸዋል። ጀምበር ስትጠልቅ መብራት የበራበት ቤት ሰው አለበት፣ ያልበራው ባዶ ነው። መርል ፒክአፑን አስነስቶ በመንደሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ። ሲመለስ የቬርናን በር ሳያንኳኳ ነው ከፍቶ የገባው።

«ከሦስት በስተቀር ሁሉም! ሁሉም በርቷል! በየደጃፉ ሁለት ሦስት መኪና ቆሟል። ጭሱ፣ ሳቁ! ሰው ሞልቶበታል ቬርና! ጌይሎርድ ግማሹ ባዶ ነው ብሎ ነበር እኮ ዝቅ ያለ ዋጋ የጠየቀኝ። ሰውዬው ያለውን አያውቅም!»

ቬርና የያዘችውን ፎጣ ቀስ ብላ አጥፋ አስቀመጠች። «መርል፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሰኞ።»

«ምን ሰኞ?»

«ሰኞ ነዋ! ብዕር አምጪና—»

«አባታችን በዚህ ሰኞ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ የት ነበር የሚወስድህ?»

ሲያስብ አየሁት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ። የአዳኝ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱትን ሰዎች ሁሉ አይቷቸዋል፤ ለአንዳንዶቹ እጁን አውለብልቧል። በዛፎቹ ላይ የተሰቀሉትን አጋዘኖችም አይቷል። ግን መብራቱን እየቆጠረ ነበርና ሌላውን አልቆጠረውም። «እና?» አለ ግትር ብሎ። «ተከራዮቹ አያድኑም እንዴ?»

«ና ውጣ» አለችው። «በሮቹን እናንኳኳ። አንተም ና።» ይቺኛዋ ለእኔ ነበረች።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ እነ ሪድል ቤት ነው። ሪድሎች በበጋ ወደ ልጃቸው ሄደው ቤቱን ጥለውት ቀርተዋል። ከኋላው ጄኔሬተር ይንጎራጎራል። በሩን የከፈተው ጢማም ሰው መጥበሻ ይዟል፤ ቋሊማ ይሸታል።

«ካይል ነህ? ቢራውን አመጣኸው?»

«እ... አይደለሁም። የዚህ ቤት ተከራይ ነህ?» አለ መርል።

«ተከራይ?» ሰውየው ወደ ውስጥ ዞሮ ጮኸ። «ስሙማ፣ ይሄ ቤት ይከራያል ወይ ይላል!» ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ወንድሜ፣ ከኤሪ ከተማ ነው የመጣነው። አደኑ ሲዘጋ እንሄዳለን። በየዓመቱ እዚህ ነው የምናድረው።»

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ጌይሎርድ ነዋ። አንድ የኋላ እግር እንሰጠዋለን።»

«ምን እግር?»

«የአጋዘን! የእኛን እግር ነው የምትለው?»

በሁለተኛው ቤት በሩ ከመከፈቱ በፊት ውስጥ ሩጫና የወንበር ድምፅ ተሰማ። መርል ሰሌዳውን በብብቱ፣ ባትሪውን በደረቱ አድርጎ ቆሟል። በሩ ገርበብ ሲል አንድ ሽማግሌ አንገቱን አውጥቶ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

«የአጋዘኑ መለያ ወረቀት ታስሯል ጌታዬ! ጆሮው ላይ ነው፣ ሄደህ እየው! ትንሿ ደግሞ የእኔ አይደለችም፤ የአማቼ ናት፣ እሱ ተኝቷል!»

«እኔ የአደን ተቆጣጣሪ አይደለሁም—»

«አይደለህም?» ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አየው። «ታዲያ ሰውን ለምን ታስደነግጣለህ፣ አንተ ከንቱ!» በሩን ዘጋበት።

ቬርና በአካባቢው ባለው አጥር ላይ ተደግፋ እስክታስል ሳቀች። ሳቋን የሰማሁት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነበር። ነገር ግን አልቆየም፤ ምክንያቱም መርል ከአራት አምስት በሮች በኋላ፣ የሩቅ ቦታ ስም ብቻ እየሰማ፣ ከኤሪ፣ ከፒትስበርግ፣ ከኦሃዮ፣ መንገዱ መሀል ቆመና ጣቱን አነሳ።

«ቆይ። ቆይ እስቲ። ይሄ ማለት እኮ አዳኞች ማደሪያ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ፍላጎት አለ! ይሄ እንዲያውም ዕ—»

«በስመአብ!» ብላ ጥላን ሄደች።

ወጥ ቤቷ ገባን። መርል ወረቀቱን ከጃኬቱ አውጥቶ ከበዓሉ በተረፈው፣ ፓይ በሚሉት የዱባ ኬክ አጠገብ አስቀመጠው። ከኒው ዮርክ የመጣ ሌላ ገዢ እንዳለ፣ ጌይሎርድ እስከ ነገ ብቻ እንደሚጠብቅ ተናገረ። ቬርና ቁጭ ብላ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«የእኔን ቤት ስንት አልከው?»

«እሱ አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«የእነ ሪድልን ገመትክ። የሁሉንም ገመትክ። የእኔን ስንት አልከው?»

መርል ሹካ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ቬርና፣ ይሄ በሥራ ቋንቋ ነው። ብረቱ ከሥር አልቋል። ጎማ ማሰሪያው በጣቴ ነው የተፈረከሰው። ቢነካካ ለሁለት ይገመሳል። የትም አይሄድም። ስለዚህ ዋጋው... በስልጠናው አቆጣጠር ዜሮ ነው።»

 ቬርና በመስኮቱ ወደ ኮረብታው ተመለከተች፤ ጨለማ ስለሆነ የሚታያት የራሷ ፊት ብቻ ነበር።

«ወደ ምንጩ አይሄድም ማለት ነው» አለች።

«አይሄድም።»

«ጧት ምን ነበር ያልከኝ? የዚህ ሥራ ውበቱ?»

«ቬርና—»

«በላ። ምን አልከኝ?»

 እሷው መለሰችለት። «መሄጃ የላቸውም አልከኝ። ቤቱን ጎትተው መውሰድ አይችሉም አልከኝ። በእኔ ጫካ ገንዘብ የእኔን መሄጃ ማጣት ልትገዛው ነው የመጣኸው።»

«ባንቺ ላይ አልጨምርም! እምላለሁ!»

«ጎረቤቴ ዶርቲ ላይ ትጨምራለህ? ይሄ ልጅ ላይስ?»

ዓይኑ ወደ እኔ መጣና ሸሸ።

«እሺ» አለች ቬርና። «እፈርማለሁ። ግን የእነ ሪድልን ቤት አንተ ግባበት። ክረምቱን እዚያ አሳልፍና በረዶው ሲቀልጥ፣ ሐይቁ ሲመጣ፣ ያኔ ብዕሩን አቀብለኝ።»

«እኔ? እዚያ ውስጥ?» አለ መርል፤ ሳያስብ ነው ያመለጠው። «እኔ እኮ ኢንቨስተር ነኝ።»

ይህን ካለ በኋላ የሚያድነው አልነበረም። ቬርና ወረቀቱን አጥፋ፣ ወደ ከረጢቱ መልሳ፣ ከረጢቱን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለትና በሩን ከፈተችለት። የፓዩን ግማሽ ግን ጠቅልላ ሰጠችው። ሲወርድ የበሰበሰው የደረጃዋ እንጨት ከእግሩ ሥር ተንጣጣ፤ ተሳደበ፤ መኪናው ሲያጓራ ሄደ።

ሁለት እሑድ አልመጣም። ቬርና ቅር እንዳላላት ለመንደሩ ሁሉ ትናገር ነበር፤ ብዙ ስለተናገረችው ማንም አላመናትም። አንድ ጊዜ ሾርባ ስትቀዳልኝ «የናቴን ጫካ አስጥያለሁ፣ ቤቴን ግን አጥቼው ኖሮ አላወቅሁም» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ጎማ አለው ብዬ ነው የተኛሁት።»  ዳቦውን አቀበልኳት።

አደኑ ተዘጋ። ጄኔሬተሮቹ ጠፉ፣ መኪኖቹ ጣሪያቸው ላይ ቀንድ እያሰሩ ወጡ። መንደሩ እንደ ወትሮው ሆነ፤ እዚህ አንድ መብራት፣ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ድስቷን ልመልስላት በሄድኩበት አንድ ምሽት፣ አንድ ፒክአፕ በዚያ ብርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በመንደሩ ውስጥ ቀስ እያለ ሲዞር አየን። ዞሮ ዞሮ ከበሯ ፊት ቆመ።

መርል ሰላም እንኳ ሳይል ከኋላ አንድ ረጅም ጣውላና የመሣሪያ ሣጥን አወረደ። «ደረጃሽ በስብሷል። ሰው ይሰበርበታል» አለ።

«ስንት ቆጠርክ?»

«ምኑን?»

«መርል።»

የአሮጌውን እንጨት ምስማር መንቀል ጀመረ። «አሥራ አንድ» አለ ቀና ሳይል። «ያንቺን ጨምሮ።»

«የኒው ዮርኩ ሰውዬስ?»

«ኧረ ተይኝ ቬርና።»

ትክክል ነበርሽ የምትለዋን ቃል ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። አልመጣችም፤ ምስማር ብቻ እየተነቀለ ወደ ቆርቆሮ ጣሳ ይጣላል። ቬርና አናቷ ላይ ኮፍያዋን አስተካክላ በደጃፉ ብርሃን ሥር ቆመች።

«ለዜሮ ቤት ጣውላ ታባክናለህ?»

«ጫፉን ያዢልኝ በናትሽ።»

ያዘችው። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። «ጥድ ነው። ከየት ነው?»

«ከእናታችን ጫካ። አምና ነፋስ የጣለው ከምንጩ አጠገብ ተጋድሞ ነበር። ልየው ብዬ ሄጄ ነው። ጓደኛዬ መሰንጠቂያ አለውና...»

«ሌላም የወደቀ አለ?»

«ሞልቷል። ከምንጩ በላይ ሁለት ክፍል ቤት የሚወጣው አለ። ሳይቆረጥ፣ የወደቀው ብቻ።» መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ዓይኖቹ ያንን የስልጠና ብርሃናቸውን ሲያበሩ አየሁ። ቀና አለ። «ቬርና፣ ይሄ እኮ ዕ—»

«ያቺን ቃል እንዳታወጣት!» ጮኸች፣ ከመንገዱ ማዶ ሁለት መጋረጃ ተገለጠ። «እምላለሁ መርል፣ በዚህ ጣውላ ነው አናትህን የምልህ!»

መርል አፉን ገጠመ። ከዚያ ምስማሩን አስተካክሎ መታው። እሷም ጣውላውን አልለቀቀችም።